አዲሱ የማስተማሪያ መሣሪያና የመምህሩ ትምህርት

(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከመተማ ድንበር ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት፣ ራሀድ በሚባለው ወንዝ ዳር ሀዋታ የምትባል ከተማ አለች። ወንዙ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው ከፍተኛ አገር ተነሥቶ ወደ ቆላው ሲወርድ ሽንፋ እየተባለ ይጠራል፤ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ስሙን ለውጦ ራሀድ ይባላል፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይደርቃል፤ መጨረሻውም ከዓባይ ጋር መቀላቀል ነው። ከከሰላ በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ሰናር የሚወርደው የባቡር ሐዲድ በ1928 እና በ1929 ሲዘረጋ በሀዋታ አለፈና ከተማይቱ ጣቢያ ሆነች። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያ አገር ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሰፊ የመረሬ ሜዳ ነው። በአጨዳ ጊዜ ከኢትዮጵያ አያሌ የቀን ሠራተኛ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ሲሻገር መኖሩን በጎንደር በኩል ያስተማረ መምህር ሁሉ ያውቀዋል፤ ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ ከዚያ መንገድ ሳይመለሱ ቀርተውበት ይሆናልና። ዝናብ ሲጥል መሬቱ ይጨቀያል፤ መኪናም እግረኛም ይይዛል።

ስለዚህች ከተማ መናገር ያስፈለገው ግን ለመልክዐ ምድር ትምህርት አይደለም። ስለ አዳዲስ የማስተማሪያ መሣሪያዎች፣ ይኸውም ስለ ታብሌት፣ ስለ ኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ስለሚሰጠው የመምህራን ሥልጠና የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው መብራት በማይጠፋበት አዳራሽ ውስጥ ነው። ፍሬው የሚፈተነው ግን ሀዋታን በመሰለ ስፍራ ነው። በዚያ የሠራ ነገር በካርቱምም በአዲስ አበባም ይሠራል፤ በዋና ከተማ ብቻ የሚሠራ ነገር ግን ለአብዛኛው መምህር ገና አልደረሰም።

እስቲ አንድ ሁኔታ ይታሰብ። በሀዋታ 70 ልጆች በአንድ ክፍል ለሚያስተምር መምህር አንድ ቀን ከግዛቱ ዋና ከተማ የመጣ መኪና ካርቶን ያወርድለታል። በካርቶኑ ውስጥ 20 ታብሌቶች፣ የፀሐይ ኃይል የሚቀበል ሰሌዳና ገመዶች አሉ። አብሮ የመጣው ወጣት ባለሙያ መክፈቻውንና መዝጊያውን፣ ድምፅ መጨመሪያውንና መቀነሻውን ለግማሽ ቀን ያሳየዋል፤ መምህሩ በርክክብ ወረቀት ላይ ይፈርማል፤ መኪናውም ዝናቡ ሳይመጣ ይመለሳል። እሑድ ጧት፣ በሱዳን የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነውና፣ መምህሩ 70ውን ልጅና 20ውን ታብሌት ይዞ ይቆማል። መክፈትና መዝጋቱንስ ተምሮአል። ነገር ግን 20ው ልጅ መሣሪያውን ሲይዝ 50ው ምን ይሥራ? ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ትክክለኛውን መልስ በግምት ቢነካ መምህሩ በምን ያውቃል? ጠመኔውና ጥቁር ሰሌዳውስ ከታብሌቱ በፊት ይግቡ ወይስ በኋላ? ይህን ያሳየው ሰው የለም። ያ ወጣት ባለሙያም ቢሆን አይወቀስም፤ 70 ልጅ አስተምሮ አያውቅም።

ይህ የታሰበ ምሳሌ ነው። በገዳሪፍ ግዛት በእውነት የተደረገ ሙከራ ግን አለ፤ እርሱም በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ዋር ቻይልድ ሆላንድ የተባለው የሕፃናት ረድኤት ድርጅት ከሱዳን የትምህርት ሚኒስቴር፣ በኦምዱርማን ከሚገኘው ከአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲና ቲ.ኤን.ኦ. ከሚባለው የኔዘርላንድ የምርምር ድርጅት ጋር በመተባበር፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት ሒሳብን በታብሌት ላይ በተዘጋጀ ጨዋታ ማስተማር ጀመረ። በ2012 የተጀመረው የመጀመሪያው ሙከራ በሰሜን ኮርዶፋን ከ60 የሚበልጡ ሕፃናትን ይዞ ለ6 ሳምንት ተካሄደ። ሁለተኛውና ሰፊው ሙከራ በሰሜን ኮርዶፋን፣ በነጭ ዓባይና በገዳሪፍ ግዛቶች 600 ያህል ሕፃናትን ያቀፈ ነበር። ልጆቹ በቀን 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይቀመጣሉ፤ ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞላሉ። በጨዋታው ውስጥ ልጁ የሚረዳቸው ሰዎች አሉ፤ ፍየል ጠባቂ ለመሆን የሚፈልገውን፣ ሐኪም ለመሆን የሚመኘውን ልጅ በቁጥር ሥራ እየረዳ ወደፊት ይሄዳል፤ ቆይቶም በሱቅ ውስጥ ይገዛል፣ ይሸጣል። የጨዋታው አዘጋጆች የመንደሩን ልጅ ኑሮ ቀርበው እንዳዩ ከዚህ ይታወቃል። ፍየል የሚጠብቅን ልጅ በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ልጅ እያነሡ ቁጥር ለማስተማር የሚሞክሩ ብዙ መሣሪያዎች በዓለም ላይ አሉና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውጤቱም መልካም ሆነ። በታብሌት የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ልጆች ይልቅ በሒሳብ ጎላ ያለ እርምጃ አሳዩ፤ ሴቶቹም ከወንዶቹ አላነሱም። የጨዋታው ትምህርት የመጀመሪያዎቹን 3 ክፍሎች ሒሳብ ያጠቃልላል። ሥራውም ከሱዳን አልፎ ወደ ሊባኖስ፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ኡጋንዳ ተስፋፋ።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ «እንግዲያው መምህር ባይኖርም ይቻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ከሆነ ደግሞ ቶሎ ብሎ ይለዋል። ይህ አባባል ግን ሙከራውን በሚገባ ካለማየት የመጣ ነው። አንደኛ፣ ቁጥር ከመደመር፣ መደመር ከመቀነስ በፊት የሚመጣበት ቅደም ተከተል፣ ልጁ ሲሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚደግምበት ዘዴ ሁሉ ከመማሪያ ክፍል የተገኘ ዕውቀት ነው፤ ታብሌቱ ውስጥ ያለው የብዙ መምህራን ልምድ ነው። ሁለተኛ፣ በየመንደሩ አንድ አስተባባሪ ነበር። ይህ ሰው ሒሳብ አያስተምርም፤ መሣሪያውን ይሞላል፣ ያድላል፣ ይሰበስባል፣ ልጆቹን በሥርዓት ያስቀምጣል፣ የሚያኮርፈውን ያባብላል፤ ለዚህም ሥራ አስቀድሞ ሥልጠና ተሰጥቶታል። ሙከራው የተደረገው መምህር ጨርሶ ባልነበረበት ቦታ ስለሆነ የመለሰው ጥያቄ «ምንም ከሌለ ይልቅ ይህ ይሻላልን?» የሚለውን ነው። ለዚያ ጥያቄ የሰጠው መልስ እውነተኛ ነው። ለሀዋታው መምህር ጥያቄ ግን መልስ አልሰጠም፤ ያም ሦስተኛውን ክፍል የጨረሰች ልጅ ነገ ከእርሱ ዘንድ ስትመጣ ከየት ይጀምርላታል የሚለው ነው።

መምህር ባለበት ቦታ መሣሪያው ከመምህሩ ቀድሞ ሲሮጥ ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በ2004 በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር በየክፍሉ ትልቁ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለ። ትምህርቱ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። የክፍለ ጊዜውን ትልቁን ድርሻ ስክሪኑ ወሰደ፤ ለመምህሩ የተተወው በመጀመሪያ ለማስተዋወቅ፣ በመጨረሻም ለማጠቃለል የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ስክሪኑ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ራሱ ይመልስና ያልፋል። ስርጭቱ ከአንድ ማእከል የሚመጣ ስለሆነ ለአንድ ክፍል ተብሎ አይቆምም፤ ልጁ እጁን ቢያወጣም አያየውም። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ በዚያ ፍጥነት የሚነገረውን እንግሊዝኛ ለመከታተል ሲቸገር፣ መምህሩ ከጎን ቆሞ ከማየት በቀር የሚያደርገው ጠፋው።

እውነቱን ለመናገር ፕላዝማው ያመጣው በጎ ነገርም ነበረ። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ አይቶበታል፤ በትምህርቱ ጥቂት ደከም ያለ መምህርም ከስክሪኑ ቃላትንና ምሳሌዎችን ቀስሞበታል፣ ምንም እንኳ ይህን በግልጽ የሚናገር ጥቂት ቢሆንም። አንዳንድ መምህራን ደግሞ ነገሩን በራሳቸው መንገድ አቀኑት። የስርጭቱን ተራ አስቀድመው አይተው በማግስቱ የሚመጡትን ከባድ ቃላት ዛሬ ያስተምራሉ፤ ስርጭቱ ካለቀ በኋላ ያልገባውን በአማርኛ ያፍታታሉ። ይህን ዘዴ በሥልጠና ያገኙት አይደለም፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከሻይ ጋር ሲወያዩ ያገኙት ነው። ቢጻፍና ቢታተም ኖሮ ለስንቱ ትምህርት ቤት በጠቀመ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በኢትዮጵያ የነበረው የሬዲዮ ትምህርት በዚህ ረገድ ይሻል ነበር፤ ከሬዲዮው ጋር የመምህሩ መምሪያ በወረቀት ታትሞ ይላክ ነበርና፣ መምህሩ ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር። በአሳንሶ ሲታይ መምሪያው ጥቂት ገጽ ወረቀት ነው፤ ሬዲዮውን የመምህሩ ረዳት ያደረገው ግን እርሱ ነው።

በሱዳንም ቢሆን ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር በኤድ ዱዌም አጠገብ በኽት ኤር ሩዳ የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ እንግሊዛዊው ግሪፊትስ ነው፤ አብረውት ከሠሩት ሱዳናውያን ዋናው አብድ ኤር ራህማን ዓሊ ጣሃ ነበሩ። ተቋሙ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን ከማሠልጠን በቀር የመማሪያ መጻሕፍትንና የመምህሩን መምሪያዎች ያዘጋጅ ነበር። የዘመኑ መሣሪያ ወረቀት ነበር፤ ነገር ግን አሠራሩን ማስተዋል ይገባል። መጽሐፉ ለአገሩ ሁሉ ከመሰራጨቱ በፊት በተቋሙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በእውነተኛ ልጆች ላይ ይሞከራል፤ የማይሠራው ይታረማል፤ ቀደም ብለው የተመረቁት መምህራንም ለማደሻ ኮርስ ተመልሰው ይጠራሉ። በዚያ የተዘጋጀው የመልክዐ ምድር መጽሐፍ ተማሪውን በሐሳብ ከቦታ ወደ ቦታ እየወሰደ በየስፍራው የሚኖሩ ወዳጆቹን ያስጎበኘዋል፤ አንዱ ገበሬ፣ ሌላው ከብት አርቢ፣ ሌላው የባቡር ሠራተኛ እያለ የሱዳንን ሕዝብ አኗኗር ያሳየዋል። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ሱዳናውያን ይህን መጽሐፍ በፍቅር ያነሡታል። ልጁን የያዘው ወረቀቱ ነው ወይስ ያን ጉዞ እንዴት አድርጎ ከክፍሉ ጋር እንደሚጓዝ የተማረው መምህር? ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ አዘጋጆቹም እንዲለዩ አልፈለጉም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ሁሉ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እንዲሠለጥኑ ወስኖ የቀድሞዎቹን ማሠልጠኛ ተቋማት ዘጋ። ሐሳቡ ከፍ ያለ ነበር፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ ያን ሁሉ መምህር ለማስተናገድ ቦታ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ያልሠለጠኑ አያሌ ሰዎች ወደ ክፍል ገቡ። በ2002 የተመሠረተው የሱዳን ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እነዚህን በሥራ ላይ ያሉ መምህራን በርቀት ትምህርት የማሠልጠን ኃላፊነት ተቀበለ። በ2005 ደግሞ በእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ መሪነት ቴሳ የተባለው የአፍሪካ መምህራን ትምህርት ኅብረት ሲቋቋም የሱዳኑ ዩኒቨርሲቲ አባል ሆነ፤ ጽሑፎቹም ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከኪስዋሂሊ ጋር በዐረብኛ ተዘጋጁ።

የቴሳ ጽሑፎች አሠራር ከበኽት ኤር ሩዳ አሠራር ጋር የሚዘመድ ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ አትሞ፣ ለአገሩም እንዲስማማ ለውጦ ሊጠቀምባቸው ይችላል። በየክፍሉ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው መምህሩ ነገ ከተማሪዎቹ ጋር የሚሞክረው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ያን የመሰለ ሥራ ሌላ መምህር በሌላ ቦታ እንዴት እንደሠራው፣ የት ላይ እንደተቸገረ የሚነግር አጭር ታሪክ ነው። ስለ መማር ጠባይ ብዙ ገጽ የሚያስነብብ ንድፈ ሐሳብ አይጭንበትም። መምህሩ ያነባል፤ በማግስቱ ይሞክራል፤ የሆነውን ይጽፋል። ኢንተርኔት በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ የፖስተኛ ድርሻ ነው። ደብዳቤውን ካደረሰ በኋላ ቢታመምም ደብዳቤው ይነበባል።

ፖስተኛው ደግሞ መታመሙ አይቀርም። በየካቲት ወር 2024 በሱዳን በጦርነቱ ምክንያት የስልክና የኢንተርኔት መሥመር በአገሩ አብዛኛው ክፍል ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ መምህራን በስልካቸው የጀመሩት ኮርስ ሁሉ በጅምር ቀረ። በትግራይ ከኅዳር 2020 በኋላ የሆነው ከዚህም የከፋ ነበር። እንግዲህ ትምህርቱን ሁልጊዜ ከሩቅ ካለ ኮምፒዩተር ጋር እየተገናኘ ብቻ ለሚከፍት ማሠልጠኛ የሀዋታን መምህር ወይም የመተማን መምህር አሳልፎ መስጠት አይገባም። መድኃኒቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ኮሊብሪ የሚባለው ሥርዓት መጻሕፍትንና የቪዲዮ ትምህርቶችን በአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት በአንድ ግቢ ውስጥ ለሚገኙ ስልኮችና ታብሌቶች ያድላል፤ ዩኒሴፍ በሱዳንም ያሠራጨው ለርኒንግ ፓስፖርት የተባለውም መሥመር በሌለበት የሚሠራበት መንገድ አለው። ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው ደግሞ ሚሞሪ ካርድ ነው። ገዳሪፍ ላይ ተሞልቶ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ሀዋታ ሊደርስ ይችላል፤ ክረምት እስካልገባ ድረስ።

የገዳሪፍ ግዛት ነገር ሲነሣ ጦርነቱን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ይህ አገር ስደተኛ መቀበል ልማዱ ነው። ኡም ራኩባ በ1984 እና በ1985 በረኃብና በጦርነት ከኢትዮጵያ የሸሸውን ሕዝብ ተቀብላለች፤ ከኅዳር 2020 በኋላም ከትግራይ ለሸሸው ሕዝብ እርስዋና ቱናይድባ እንደገና መጠለያ ሆኑ። በእነዚያ መጠለያዎች ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ መምህራን ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ተራው ለሱዳናውያን ደረሰ፤ ከፊሉ በገላባት አድርጎ ወደ መተማ ተሻገረ፤ ብዙ ሕዝብም ወደ ገዳሪፍ መጣ። በሰኔ መጨረሻ 2024 ሲንጃ ስትያዝ ሌላ ሕዝብ ተጨመረ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የመምህራን ደመወዝ ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በ2023 ሊሰጥ ይገባ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ፈተና የተሰጠው በታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ታብሌትና ስለ መምህራን ኮርስ መነጋገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የሀዋታው መምህር ችግር ተቃራኒውን ያሳያል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች እኩል የተማሩ አይደሉም። አንዱ ከካርቱም የመጣ ነው፤ ሁለት ዓመት ያህል ደብተር አልያዘም። ሌላይቱ ከወንዙ ማዶ ካለ መንደር የመጣች ናት፤ ትምህርት ቤት ስታይ ይህ መጀመሪያዋ ነው። ሦስተኛው የሀዋታ ልጅ ነው፤ እርሱ ብቻ በክፍሉ ደረጃ ላይ ይገኛል። ለእነዚህ ሦስት ልጆች አንድ ገጽ ገልጦ አንድ ትምህርት መስጠት አይቻልም። ማን የት እንደቆመ ለይቶ ማወቅ፣ ለየአንዳንዱ የሚስማማውን ሥራ መስጠትና ሦስቱን በአንድ ክፍል ማቆየት ከባድ ጥበብ ነው፤ ብዙ ነባር መምህርም አልተማረውም። ታብሌቱ በዚህ ሊረዳ ይችላል፤ አንዷን ልጅ ከቁጥር ሲያስጀምራት መምህሩ ከሌላው ጋር ይቀመጣል። ይህ ግን መሣሪያውን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ለሚያውቅ መምህር ነው። ያን የማያውቀው መምህር ታብሌቱን ለሚጮኸው ልጅ ይሰጠዋል፤ ዝም ያለችው ልጅ ዝም እንዳለች ትቀራለች።

ታዲያ ይህን ጥበብ ከየት ይማረው? ከዋና ከተማ የሚመጣው አሠልጣኝ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ብዙ ነው። አጠገቡ ግን ሌሎች መምህራን አሉ፤ ከካርቱም የተሰደዱ፣ ምናልባትም ከእርሱ የበለጠ ያስተማሩ፣ ሥራ አጥተው በመጠለያ የተቀመጡ መምህራንም ሳይኖሩ አይቀሩም። ሦስቱ ወይም አራቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይሁን፣ ለአንድ ሰዓት ይቀመጡ። አንዱ በዚያ ሳምንት ያልተሳካለትን አንድ ትምህርት ብቻ ይናገር፤ «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» ማለት አይፈቀድለትም። ከካርዱ ላይ ለዚያ ትምህርት የሚስማማውን የሌላ መምህር ታሪክ ያንብቡ ወይም ያዳምጡ። ከዚያ በኋላ አንዱ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሞክረውን ይንገራቸው፤ ሌላው ከክፍሉ በስተኋላ ቁጭ ብሎ ሲሞክር ይየው። መሥመር በተገኘ ቀን የሆነውን በዋትስአፕ በድምፅ ቀርጸው ለገዳሪፍ ወይም ለከሰላ ባልደረቦቻቸው ይላኩ፤ መሥመር ባልተገኘ ጊዜ በደብተር ይጻፉት። ከሁሉ የሚከብደው መሣሪያውን ማግኘት አይደለም፤ ዲሬክተሩ ያችን አንድ ሰዓት ለሌላ ሥራ እንዳይወስዳት ማድረግ ነው። መምህሩም ያን ሰዓት በባዶ ሆድ አይቀመጥም። ደመወዙ የተቋረጠበት መምህር ከሰዓት በኋላ ሻይ ሊሸጥ ወይም በሰሊጥ መጋዘን ሊሠራ ይሄዳል፤ ስለዚህ ታብሌት የሚለግስ ድርጅት ሁሉ የዚያችን ሰዓት ክፍያ በለጋሽነቱ ሒሳብ ውስጥ አብሮ ቢያገባ ገንዘቡ ከተጨማሪ ታብሌት ይልቅ በዚህ ብዙ ይሠራል።

ይህ ነገር ከኢትዮጵያ መምህራን ዘንድም አዲስ ሆኖ አይሰማም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የሚባለው ፕሮግራም መምህራን በየትምህርት ቤታቸው እንዲህ እየተሰበሰቡ እንዲማማሩ ከታቀደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በብዙ ቦታ ግን ስብሰባው ወደ ፋይል ተለወጠ፤ መምህሩ ሰዓቱን ለመሙላት ይጽፋል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በስልክ የሚሰጠው ኮርስም በዚያው መንገድ እየሄደ ነው። አንዳንዱ መምህር የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ቪዲዮውን ከፍቶ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ጥያቄውንም ከጓደኛው ይገለብጣል። ተማሪ ይህን ቢያደርግ ይቀጣል።

ለትምህርት ቤቶች መሣሪያ ሲታደል የሚሞላው ቅጽ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛት፣ መለያ ቁጥሩንና የተረካቢውን ስም ይይዛል። በዚያ ቅጽ ላይ ሁለት መሥመር ቢጨመር ወጪው የቀለም ብቻ ነው። አንደኛው መምህራኑ ስለ አንድ ትምህርት ተቀምጠው የተወያዩበትን ቀን የሚጠይቅ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ የተለወጠውን አንድ ነገር የሚጠይቅ ነው። የመጀመሪያውን መሥመር ዲሬክተሩ ሊሞላው ይችላል። ሁለተኛውን ግን ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ ያየው ባልደረባ ይሙላው፤ ፊርማውም የእርሱ ይሁን።